ከመቀሌ ዋሽንግተን ስንት ሰዓት ነው?

ድሮ ርቀት የሚለካው በእግር ነበር። ከአፋር ቆላ አሞሌ ጨው በግመል ጭኖ ወደ መቀሌ የሚወጣውን ነጋዴ «ስንት ኪሎ ሜትር ነው?» ብሎ የሚጠይቀው ሰው አልነበረም። ጥያቄው «የስንት ቀን መንገድ ነው?» ነበር። ነጋዴው ዳገቱንም፣ ሙቀቱንም፣ ውኃ የሚገኝበትንም ቦታ አስልቶ ይመልሳል። ለዚህም ነው የመውጫው ቀንና የመውረጃው ቀን እኩል ያልነበረው። ዛሬ በአውሮፕላን ዘመን ነገሩ የቀለለ ይመስላል። ርቀቱን ለፍጥነቱ ማካፈል ነው፣ በቃ። ግን እንደዚያ ካደረግን መልሱ ብዙ ጊዜ ይሳሳታል። እንዴት እንደሚሳሳት ለማየት በከተማችን በየቤቱ የሚነሳውን መንገድ እንውሰድ፤ ከመቀሌ ዋሽንግተን። (ያው እዚህ ከተማ ውስጥ አሜሪካ ዘመድ የሌለው ሰው ፈልጎ ማግኘት አስቸጋሪ ነው።)

በመጀመሪያ ርቀቱ። ካርታ ዘርግቶ በማስመሪያ መለካት አይሠራም፤ ምክንያቱም ካርታ ጠፍጣፋ ነው፣ ምድር ግን ክብ ናት። ትክክለኛው ዘዴ ሉል ወስዶ በሁለቱ ከተሞች መካከል ክር ወጥሮ መሳብ ነው። እንዲህ ሲደረግ ከአዲስ አበባ ቦሌ እስከ ዋሽንግተኑ ደለስ ኤርፖርት ወደ 11,560 ኪሎ ሜትር ይመጣል። ክሩ ብዙዎቻችን እንደምንገምተው ቀጥ ብሎ ወደ ምዕራብ አይሄድም። ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን ምዕራብ ይነሳል፣ በሱዳን፣ በሊቢያና በአልጄሪያ አልፎ ሜዲትራኒያንን ይሻገራል፣ ስፔንን ነክቶ አትላንቲክ ላይ ይወጣል።

እዚህ ላይ ለእኛ ለመቀሌዎች የሚያስገርም ነገር አለ። ያንኑ ክር ከአሉላ አባ ነጋ ኤርፖርት ብንወጥረው የሚመጣው 11,270 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ማለትም መቀሌ ከአዲስ አበባ ይልቅ ለዋሽንግተን ትቀርባለች፤ ልዩነቱም 290 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ግን ምን ዋጋ አለው? ወደ ሰሜን ምዕራብ የሚሄደው መንገደኛ መጀመሪያ ወደ ደቡብ 500 ኪሎ ሜትር ያህል በርሮ ቦሌ መድረስ አለበት። ጠቅላላው 12,000 ኪሎ ሜትር ያልፋል። ወደ 800 የሚጠጋው ኪሎ ሜትር የትራንዚት ግብር ነው ማለት ይቻላል።

የመቀሌ–አዲስ አበባው ጉዞ ራሱ አንድ ነገር ያስተምራል። በመኪና በወልድያና በደሴ በኩል 780 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በአየር 505። በአገር ውስጥ መስመር የሚበረው ባለ ሁለት ፕሮፔለሩ ዳሽ 8 ኪው 400 በሰዓት ወደ 660 ኪሎ ሜትር መብረር ይችላል። ስናካፍለው 46 ደቂቃ ነው። ቲኬቱ ላይ ግን ከአንድ ሰዓት በላይ ተጽፎ እናገኛለን። አየር መንገዱ ዋሽቶ አይደለም። አየር መንገዶች ሰዓት የሚቆጥሩት አውሮፕላኑ ከቆመበት ከተነቃነቀበት ደቂቃ ጀምሮ ሄዶ እስከሚቆምበት ደቂቃ ድረስ ነው። እየተንፏቀቀ ወደ መንደርደሪያው የሚሄድበት፣ ቀስ እያለ ከፍታ የሚይዝበት፣ ቦሌ ሲደርስ ተራ የሚጠብቅበት፣ ፍጥነት ቀንሶ የሚወርድበት ሁሉ ይደመራል። እንግዲህ ጉዞው ባጠረ ቁጥር የዚህ ድርሻ ይበዛል። በረጅም በረራ ላይ ግማሽ ሰዓት ምንም አይደለም፤ በመቀሌ መስመር ላይ ግን ትልቅ ነገር ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ። በሰፈራችን ያሉ አንዲት እናት ልጃቸው ዋሽንግተን አካባቢ ትኖራለች፤ ልትወስዳቸው ቲኬት ቆርጣ ላከችላቸው። «ጋዜጠኛው» ተብዬ ወረቀቱን እንዳነብላቸው ተጠራሁ። (ገና ሁለተኛ ዓመት መሆኔን ማንም አይሰማኝም።) ከአዲስ አበባ መሄጃው በመካከል አንድ ማረፊያ ኖሮት 17 ሰዓት ገደማ ነው፣ መመለሻው ያለ ማረፊያ 13 ሰዓት ገደማ። እሳቸውም ወረቀቱን ትኩር ብለው አዩና «ወደይ፣ መሄጃው ዳገት ነው እንዴ?» አሉኝ።

ቤቱ ሁሉ ሳቀ። ነገር ግን ጥያቄው ከሳቃችን ይበልጣል። ነገሩ የከፍታ ጉዳይ ነው፤ ብቻ ዳገቱ ያለው እሳቸው ባሰቡት በኩል አይደለም። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,330 ሜትር አካባቢ ነው። ደለስ 100 ሜትር እንኳ አይሞላም። ከደጋ ወደ ቆላ የሚሄደው ነው የሚቸገረው።

ለምን? አውሮፕላንን የሚያነሳው ክንፉ ላይ የሚያልፈው አየር ነው። ከፍ ባልን ቁጥር አየሩ ይሳሳል። በቦሌ ከፍታ የአየሩ እፍግታ በባሕር ጠለል ላይ ካለው 79 በመቶ ያህል ብቻ ነው። (ይህ ሒሳብ ለመደበኛ ሙቀት ነው፤ ፀሐይ ሲበረታ ከዚህም ይሳሳል።) ስለዚህ ያንኑ ክብደት ለማንሳት አውሮፕላኑ መሬት ላይ 12 በመቶ ገደማ በበለጠ ፍጥነት መሮጥ አለበት። ችግሩ በዚህ አያበቃም። ሞተሩም የሚተነፍሰው ያንኑ የሳሳ አየር ስለሆነ ጉልበቱ ይቀንሳል። ጉልበቱ በቀነሰ ሞተር የበለጠ ፍጥነት ማምጣት ማለት ረጅም መንደርደሪያ ማለት ነው። የቦሌ መንደርደሪያ 3.8 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ረጅም ነው፣ ግን ማለቂያ የሌለው አይደለም። ጎማውም ቢሆን ከዚህ ፍጥነት በላይ አይሽከረከርም የሚባል ወሰን አለው።

ስለዚህ የሚቀረው አንድ ነገር ነው፤ ክብደት መቀነስ። ከምን ላይ ይቀነስ? ከሰው ላይ ቢቀነስ አየር መንገዱ ይከስራል። ከጭነት ላይም እንዲሁ። ነዳጅ ግን መንገድ ላይ መግዛት ይቻላል። ነዳጅ ምን ያህል ይከብዳል ለሚል፣ ቦይንግ 787-8 ድሪምላይነር ታንኩ ሲሞላ 100 ቶን ገደማ ነዳጅ ይይዛል። አውሮፕላኑ ከነጭነቱ ሊነሳ የሚችልበት ትልቁ ክብደት ደግሞ 228 ቶን አካባቢ ነው። ሲሶው አይደለም፣ ከዚያም ያልፋል። ከዚህ ላይ ደግሞ ነዳጁን ለመሸከም ራሱ ነዳጅ ይቃጠላል። እንግዲህ ከአዲስ አበባ ሲነሳ ግማሽ መንገድ የሚያደርሰውን ያህል ይቀዳል፣ ቆላ ላይ ያርፋል፣ እዚያ በወፍራሙ አየር ታንኩን ሞልቶ ይነሳል። ሲመለስ ግን የሚነሳው ከደለስ ስለሆነ ገና ከመጀመሪያው ሞልቶ መምጣት ይችላል። አዲስ አበባ ሲደርስ ነዳጁን ጨርሶ ቀሎ ስለሚሆን ደጋ ላይ ማረፉ አያስቸግረውም።

ማረፊያው ከዓመት ወደ ዓመት ተቀያይሯል። ቀደም ሲል ሮም ነበር፣ በኋላ ለዓመታት ደብሊን ሆነ። «ደብሊን ድረስ ወደ ሰሜን መውጣት ዙሪያ ጥምጥም አይደለም ወይ?» የሚል ሰው አለ፤ እኔም ካርታውን ሳይ እንደዚያ ነበር የመሰለኝ። ሉሉ ላይ ሲለካ ግን ከአዲስ አበባ ደብሊን 6,365፣ ከደብሊን ዋሽንግተን 5,465 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ድምሩ 11,830፤ ከቀጥታው የሚበልጠው በ270 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። በጄት ሃያ ደቂቃ አይሞላም። ሮም ከዚህም ያነሰ ነው፤ ጭማሪው 150 ኪሎ ሜትር ገደማ።

ሁሉም ማረፊያ ግን ለነዳጅ ሲባል ብቻ አይመረጥም። እ.ኤ.አ. በ2016 የኢትዮጵያ አየር መንገድ ኒውዮርክ አጠገብ ወዳለው ኒዋርክ መብረር ሲጀምር በቶጎ ዋና ከተማ በሎሜ በኩል አድርጎ ነበር። ይህ መንገድ ከቀጥታው ከ1,200 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል። ለነዳጅ ቢሆን ኖሮ ማን ይህን ይመርጣል? ሎሜ ላይ ግን አየር መንገዱ ድርሻ ያለው አስካይ የሚባል ኩባንያ አለ፤ ከምዕራብ አፍሪካ ከተሞች መንገደኛ ሰብስቦ ያመጣለታል። ነዳጁም ይቀዳል፣ ወንበሩም ይሞላል። መንገደኛውን የሚያጓጉዘው ሒሳብ የጂኦግራፊ ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ምሳሌ አላገኘሁም።

ከፍታው አንድ ነገር ነው፤ ሁለተኛው ነፋስ ነው። አውሮፕላኖች በሚበሩበት በ10 ኪሎ ሜትር አካባቢ ከፍታ፣ በተለይ በአትላንቲክ ላይ፣ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ጄት ስትሪም የሚባል ኃይለኛ ነፋስ አለ። አንዳንዴ በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር ያልፋል። ወደ አሜሪካ የሚሄደው ፊት ለፊት ይገጥመዋል፣ የሚመለሰውን ከኋላ ይገፋዋል። ለምሳሌ ያህል፣ በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር የሚበር አውሮፕላን መንገዱን በሙሉ በአማካይ 70 ኪሎ ሜትር ነፋስ ቢገጥመው 11,550 ኪሎ ሜትሩ 13 ሰዓት ከ55 ደቂቃ ይፈጅበታል። ያው ነፋስ ከኋላ ቢገፋው 11 ሰዓት ከ54 ደቂቃ። የሁለት ሰዓት ልዩነት ከነፋስ ብቻ! በዚህ ላይ ማረፊያው ሲጨመር፣ ማለትም ወርዶ፣ ቀድቶ፣ እንደገና ከፍታ መያዙ፣ የእኚያ እናት 17 እና 13 ከየት እንደመጣ ግልጽ ይሆናል።

በዶርም ክርክር ላይ ሁልጊዜ የሚነሳ ሌላ ማብራሪያ አለ፤ «ምድር ስለምትሽከረከር ነው» የሚል። ምድር ወደ ምሥራቅ ትሽከረከራለች፣ ስለዚህ ወደ ምሥራቅ የሚበረው መድረሻው ይሸሸዋል፣ ወደ ምዕራብ የሚበረው ይመጣለታል ይባላል። እንደዚህ ቢሆን ኖሮ በመጀመሪያ ነገሩ መገላበጥ ነበረበት፤ መሄጃው አጥሮ መመለሻው ሊረዝም። ሁለተኛ፣ በእኛ አካባቢ ምድር በሰዓት 1,600 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው የምትዞረው። አንድ ሄሊኮፕተር ከቂሐ ተነስቶ አንድ ሰዓት አየር ላይ ቀጥ ብሎ ቢቆም ሲወርድ ራሱን ዳርፉር ላይ ያገኝ ነበር። አያገኝም፤ ምክንያቱም አየሩም ሄሊኮፕተሩም ከምድር ጋር አብረው ይዞራሉ። የምድር መሽከርከር ጄት ስትሪሙን በመፍጠር ረገድ እጁ አለበት፣ ይህ እውነት ነው። ግን አውሮፕላኑን የሚገፋው ነፋሱ ነው።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ሰዓት ማንበብ ሲመጣ ግን ሁሉም ይደበላለቃል። ኢትዮጵያ ዓመቱን ሙሉ ሰዓቷን አትቀይርም። ዋሽንግተን ግን ከመጋቢት እስከ ኅዳር መጀመሪያ (በፈረንጆች አቆጣጠር) ከእኛ በ7 ሰዓት፣ በቀሪው ጊዜ በ8 ሰዓት ወደ ኋላ ትሆናለች። እንበልና አውሮፕላኑ በሐምሌ ወር ቲኬቱ ላይ 22:30 በሚለው፣ በእኛ ከምሽቱ 4፡30 ላይ ተነሳ። ከ17 ሰዓት በኋላ ሲያርፍ የዋሽንግተን ሰዓት ከጠዋቱ 8:30 ይላል፣ በእኛ አጠራር 2፡30 ማለት ነው። ሰዓቶቹን ብቻ ያየ ሰው ጉዞው 10 ሰዓት ነው ይላል። ሲመለሱ ደግሞ ከዋሽንግተን ጠዋት 10:00 ላይ ተነስቶ ከ13 ሰዓት በኋላ ቦሌ የሚደርሰው በማግሥቱ 06:00 ነው፤ በእኛ ንጋት 12 ሰዓት። ሰዓቱ 20 ያሳያል። እውነተኛው ረጅሙ መንገድ በሰዓት ሲታይ አጭር፣ አጭሩ ደግሞ ረጅም ሆነ ማለት ነው።

ይህ ቀልድ የማይሆንባቸው ሰዎች አሉ። ከላይ ያነሳኋቸው እናት የስኳር ሕመምተኛ ናቸው፤ ጠዋትና ማታ ኢንሱሊን ይወጋሉ። ወደ ምዕራብ ሲበሩ ቀኑ በ7 ሰዓት ይረዝማል፤ «ማታ» የሚባለው የትኛው ነው? የአዲስ አበባው ወይስ የዋሽንግተኑ? መልሱን ሐኪማቸው ከጉዞው በፊት በወረቀት ጽፎ ሊሰጣቸው የሚገባ ነው፤ ለዚህም ሐኪሙ ማወቅ ያለበት ቲኬቱ ላይ ያለውን ሰዓት ሳይሆን ትክክለኛውን 17 ሰዓት ነው። መድኃኒቱም በሻንጣ ሳይሆን በእጅ ቦርሳ መያዝ አለበት፤ የሻንጣው ክፍል በጣም ሊቀዘቅዝ ይችላል፣ ኢንሱሊን ደግሞ በረዶ ሆኖ ከረጋ በኋላ ቢቀልጥም መጠቀም አይገባም።

ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች ደግሞ አንድ ነገር ልበል። በዜና ላይ «አውሮፕላኑ ማክሰኞ 00:30 ይነሳል» የሚለውን «ማክሰኞ ከሌሊቱ 6፡30» ብሎ መተርጎም ሰው ያሳስታል። አድማጩ ማክሰኞ ቀኑን ውሎ ማታ ሻንጣውን ይዞ ይሄዳል፣ አውሮፕላኑ ግን ትናንት ሌሊት ሄዷል። አማርኛ ለዚህ የራሱ ቃል አለው፤ «ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ»። አባቶቻችን አውሮፕላን ሳያዩ ያበጁት ቃል ዛሬ ከየትኛውም የቲኬት ጽሑፍ ይበልጥ ግልጽ ነው። ይህን ትቶ ቁጥር ብቻ ማንበብ ስንፍና ይመስለኛል።

እስካሁን ስለ አየርና ስለ ነፋስ ተናገርኩ። በእኛ አካባቢ ግን ጉዞን ያረዘመው ከሁሉም በላይ ነፋስ አልነበረም። ከሰኔ 2013 ዓ.ም. በኋላ የመቀሌ መደበኛ በረራ ተቋርጦ አንድ ዓመት ተኩል ያህል ቆየ። 505 ኪሎ ሜትሩ አልተለወጠም፤ ሰዓቱ ግን መለኪያ አጣ። ያኔ የእኛ ዕድሜ ሰው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበር፤ አዲስ አበባ ያለ ወንድም ከዋሽንግተን እኩል የራቀበት ጊዜ ነበር፣ ስልክም ስላልነበረ እንዲያውም ሁለቱም እኩል ጠፍተው ነበር። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያው ስምምነት ተፈረመ፣ ታኅሣሥ 19 ቀን 2015 ዓ.ም. በረራው ተመለሰ። በዚያን ቀን ኤርፖርቱ ላይ የተቃቀፉት ሰዎች የአንድ ሰዓት ጉዞ አልነበረም የጨረሱት።

የአስመራ ነገር ደግሞ ይብሳል። ከመቀሌ አስመራ በአየር 215 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ወደ አዲስ አበባ ካለው ርቀት ግማሽ አይሞላም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 8 ቀን 1946 የመጀመሪያውን በረራ ወደ ካይሮ ሲያደርግ መንገድ ላይ ያረፈው አስመራ ነበር። ከ1998ቱ (እ.ኤ.አ.) ጦርነት በኋላ ግን ለሃያ ዓመት በረራ አልነበረም፤ ከአዲስ አበባ አስመራ መድረስ የፈለገ ሰው በካይሮ ወይም በዱባይ መዞር ነበረበት። ሐምሌ 11 ቀን 2010 ዓ.ም. መስመሩ ተከፈተ፣ በነሐሴ 2016 ዓ.ም. መጨረሻ እንደገና ተቋረጠ። በሱዳን ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጦርነት ሲነሳም ያ ከላይ ያልኩት ቀጥተኛ ክር የሚያልፍበት ሰማይ ተዘጋ፣ ወደ አውሮፓና ወደ አሜሪካ የሚሄዱ አውሮፕላኖች ዙሪያውን እንዲሄዱ ተገደዱ። ሉል ላይ ክር ስትወጥሩ ይህ ሁሉ አይታይም።

በመጨረሻ ስለ ከፍታው አንድ ነገር ልጨምር። አየር መንገዱ አዲሱን ትልቅ ኤርፖርት ለመሥራት የመረጠው ቢሾፍቱ አጠገብ ነው። አካባቢው 1,900 ሜትር ገደማ ስለሆነ ከቦሌ በ400 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። በዚያ ከፍታ የአየሩ እፍግታ ከ79 ወደ 83 በመቶ ገደማ ከፍ ይላል። አራት በመቶ ትንሽ ትመስላለች፤ ግን 228 ቶን ለሚያነሳ ክንፍ ብዙ ቶን ነዳጅ ናት። ከዚያ ወደ ዋሽንግተን ሳያርፉ መሄድ ይቻል እንደሆነ የሚወስነው የአውሮፕላኑ ዓይነት፣ የጭነቱ መጠንና የዕለቱ ሙቀት ነው። ከመቀሌ የሚነሳ ሰው ግን ያኔም ቢሆን መጀመሪያ ወደ ደቡብ መብረሩ አይቀርለትም።